ለሶራ ቼዚራ የተቀመጠው ሳህን

በዚያ ምግብ ቤት በር ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በአራት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተሰቅሏል። ባል ለታመመች ሚስቱ በፍቅር የሠራላት ፓስታ ነው፤ ከሞት አፋፍ መልሷታል ይላል። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ያላነበበልኝ ሰው ስለሌለ በቃሌ ይዤዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ከእኔ በቀር ሙሉውን የሚያውቅ ባልየው ብቻ ነበር፤ እሱም አፉን እንደዘጋ ሞተ። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ ማንን ልፍራ?

ስሜ ሴቲሚያ ነው፤ የቾቻሪያ ተራራ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ሴት ስትወልድ ግማሽ መንደር ይመጣና ጡቷን ያያል። ወተቷ ደህና ከሆነ ሮማ ትወርዳለች፤ የሰው ልጅ ታጠባለች፤ የራሷ ልጅ በፍየል ወተት ያድጋል፣ ካደገ። እናቴም እንዲህ አድርጋለች፣ አያቴም። ማንም ነውር አይለውም። ትልቁ ጦርነት ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በኦክቶበር ወር፣ የአራት ወር ልጄን ሎሬታን ለአማቴና ቀንዷ ለተሰበረ ፍየል አስረክቤ ወረድኩ። ባቡር ውስጥ አንዲት መነኩሴ የሸሚዜን እርጥበት አይታ «ልጅሽ የት አለ?» አለችኝ። «ቤት» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

የተቀጠርኩበት ቤት ትራስቴቬሬ በሚባል የሮማ ሰፈር ውስጥ ነበር። ከታች ወጥ ቤትና ስድስት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት፣ ከላይ ሦስት ክፍል። ባለቤቱ ሶር ኲሪኖ፣ በእነሱ ቋንቋ ሶር እንደ አቶ፣ ሶራ እንደ ወይዘሮ ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ግን እንደ ልብስ ሰፊ እጅ ስስ የሆነ ወጥ ሠሪ ነበር። ሚስቱ ቬሊያ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ኔሎ የሚባል ወንድ ልጅ ከወለደች አሥር ቀኗ፤ ከወለደችም ወዲህ ምግብ አልቀምስም ብላ ተኝታለች። ጡቷ ደርቋል። ዶክተሩ መጥቶ ደረቷን አዳመጠ፣ ምላሷን አየና፣ «በሽታ የለባትም። ካልበላች ግን ለገና አትደርስም» ብሎ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

እኔን በር ላይ ተቀብሎ ኲሪኖ የነገረኝ ነገር አጭር ነበር።

«ስሚ፤ እናቱ በልታ ወተቷ የወረደ ቀን ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ። እናቱ ከሞተች ግን ልጁ በእግሩ እስኪሄድ ከእኔ ጋ ነሽ። ተስማማን?»

ምን እመርጣለሁ? ተስማማሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቬሊያ እንድትበላ ከባሏ ይልቅ የምጸልየው እኔ ነበርኩ። እግዜር ይታዘበኝ፣ ለእሷ ብዬ አልነበረም። ኔሎን ባጠባሁ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ሎሬታ ናት እላለሁ። ዓይኔን ስገልጥ አይደለችም።

ሮማ ውስጥ የታመመ ሰውና የወለደች ሴት ነጭ ነጩን ነው የሚበሉት። ቲማቲም የለ፣ በርበሬ የለ፣ የተጠበሰ የለ። ኲሪኖ ያላመጣላት ነጭ ነገር አልነበረም። ሩዝ በመረቅ፣ የእርግብ ሥጋ፣ በወይን ጠጅ የተመታ እንቁላል፣ በወተት የራሰ ዳቦ። ሁሉንም አየት ታደርግና «በኋላ» ትላለች። በኋላ የሚባለው ግን አይመጣም። የአልጋው ልብስ ላይ የተቀመጠው እጇ ከቀን ወደ ቀን ጅማቱ እየወጣ መጣ።

ወጥ ቤት ውስጥ ኤርሲሊያ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው ቤት ድስት ያጠበች። እንደደረስኩ ቀይ ቀሚሴን አይታ «የተራራዋ ፍየል መጣች! ሳር አላስቀመጥንልሽም፤ ሾርባ ትበያለሽ?» አለችኝ። እኔም «ከእርስዎ ጥርስ የተረፈ ካለ» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ተግባባን። ስለ ሟቿ ባለቤት፣ ስለ ኲሪኖ እናት ስለ ሶራ ቼዚራ የነገረችኝ እሷ ናት። ቤቱን ያቆመችው ቼዚራ ናት። በማርች ወር ሞታለች።

«ሰባት ወሯ ነው» አለችኝ ኤርሲሊያ ድስት እየፈገፈገች። «እኔ ግን እስከ ዛሬ ክዳኑን በግራ በኩል ነው የማስቀምጠው። በቀኝ ካደረግሁት የምትቆጣኝ ይመስለኛል። ይቺ ምስኪን ቬሊያማ ገና ኮቴዋን ስትሰማ ነበር የምትንቀጠቀጠው።»

«ልጁስ?»

«ኲሪኖ? እናቱ ስትሞት ሦስት ቀን ምድጃ አልለኮሰም። ለሚስቱ ያን ያህል አላዘነም፤ አንቺ ምላስሽን ያዢ እንጂ።»

ኖቬምበር ገባ። በሙታን ቀን ዋዜማ በእኛ ዘንድ ለሞተው ዘመድ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ውሃ፣ ዳቦ፣ ትንሽ መብራት፣ አንድ ሳህን ምግብ። ሳህኑ ጠዋት በበሩ ለመጣው የመጀመሪያ ድሃ ይሰጣል። የቤቱ ሰው አይቀምሰውም፤ ይህን የሁለት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ሰው የሚያስቀምጠውም እፍኝ ባቄላ፣ ከራት የተረፈ ነገር ነው። ሟች እኮ አይመርጥም።

ኲሪኖ ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱን ዘግቶ እጅጌውን ሰበሰበ። በልጅነቱ ሲታመም እናቱ ትሠራለት የነበረውን ፓስታ አሁን እሱ ለሟቿ ሊሠራላት ነው። ዱቄቱን በእንቁላል ለወሰ፣ ብርሃን እስኪያሳይ ድረስ ዳመጠው፣ እንደ ሪባን ቆረጠው። ከዚያ ቅቤ አመጣ። እናቱ የምትጨምረው የለውዝ ያህል ነበር፤ እሱ ሦስት እጥፍ አደረገው። ፎርማጆውንም ከክቡ መካከል፣ ገና ያልደረቀውን ለስላሳውን ቆርጦ እንደ በረዶ ፈቀፈቀው። ትኩሱን ፓስታ በቅቤውና በፎርማጆው ላይ ገለበጠና የተቀቀለበትን ውሃ ጠብ እያደረገ፣ በሁለት ማንኪያ እያነሳ እየጣለ፣ ነጭ መረቅ ሆኖ እስኪያያዝ ድረስ አሸው። ክሬም የሚባል ነገር አልነካውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ክሬሙን ያመጡት ኋላ ባሕር ተሻግረው የሄዱት ናቸው። እንዲህ ያለ ፎርማጆ ስላላገኙ በክሬም ተኩት፤ እንዲያውም የምግቡን ስም ይዘው ምግቡን ጣሉት።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሌላ ሳህን ከደነው። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ማንም አያደርገውም። የእናቱን ወንበር ሳብ አደረገና በሙሉ ድምፁ፣ «እማ፣ ነይ ብይ» አለ።

ኤርሲሊያ አማተበች። «ሙት አይጠራም፤ የተጠራ ይመጣል! አልሰማሁም በይ» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ይወርድ ነበር። ኲሪኖና ኤርሲሊያ አበባ ይዘው ቬራኖ መቃብር ሄዱ፤ ሮማ ሁሉ ያን ቀን ወደዚያ ነው የሚጎርፈው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው ቬሊያ፣ ኔሎና እኔ ነን። በዝናቡ ምክንያት በሩን የሚያንኳኳ ድሃ አልመጣም። ሳህኑ እንደተከደነ ነው።

ልጁን አጥብቼ ሳስተኛ ቬሊያ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሷን ቀና ስታደርግ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሴቲሚያ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምንም አይሸትም፣ እሜቴ። ምድጃው እንኳ አልተለኮሰም።»

«ቅቤ ነው። ቅቤና ፎርማጆ።» ከንፈሯን ላሰች። «አምጪልኝ። እባክሽ፣ ሳያልፍብኝ አምጪልኝ።»

እኔ የተራራ ሴት ነኝ፤ ከገንፎና ከጎመን ሌላ የማውቀው የለም። ያንን ፓስታ መሥራት አልችልም። ባሏን ልጠብቅ ብል እስከ ቀትር አይመለስም፤ እስከዚያ ደግሞ ፍላጎቷ እንደማይቆይ አውቃለሁ። ደረጃውን ወረድኩ። ክልክል መሆኑን አላወቅሁም ብዬ አልዋሽም፤ አውቄ ነው። ሎሬታን አሰብኩ። አሁን ከበላች ለገና ቤቴ ነኝ ብዬ አሰብኩ። እጄን ሳህኑ ላይ ሳሳርፍ ትኩስ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ያደረ ሳህን ነው። ክዳኑን ሳነሳው እንፋሎት ወጣ። እዚያው ጥዬው መሮጥ ነበረብኝ፤ እግሬም ሊሮጥ ቃጥቶት ነበር። እኔ ግን ሳህኑን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ቬሊያ ሹካውን በቀኝ እጇ ተቀበለችና ወደ ግራ አዛወረችው። የሳህኑን ጠርዝ በሹካው ሁለቴ መታች፣ ጢን ጢን፤ ከዚያ በላች። ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ በዳቦ ቅርፊት ሳህኑን ወለወለችና ቀና ብላ አየችኝ። በዕቃ ላይ ዋጋ እንደሚገምት ሰው ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«ኲሪኔቶ የት ሄደ?» አለች።

ባሏን በዚያ ስም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ሚስት የምታውቀው የቁልምጫ ስም ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያለፍኩትም ደስ ስላለኝ ነው። በልታለች!

ኲሪኖ ሲመለስ ሚስቱ አልጋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራ ነበር። እግሯ ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምን በላሽ ሲላት «አንተ የሠራኸውን» አለችው። የሟቿ ሳህን የት እንደሄደ እኔን ጠየቀኝ፤ ድሃ መጥቶ ወሰደው አልኩት። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ ያንኑ ፓስታ ሠራላት፤ እሷም ከዚያ ሌላ አልነካም አለች። በአራተኛው ቀን ወተቷ ወረደ። ኔሎ ከእሷ ጠባ። እኔ ጓዳ ገብቼ ወገቤን ይዤ ጨፈርኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ቬሊያ ወደ ምግብ ቤቱ ወረደችና በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። ኲሪኖ ሳህኑን ራሱ አመጣላት። ጢን ጢን። ከወጥ ቤት ትልቅ ኳኳታ ተሰማ፤ ኤርሲሊያ የያዘችውን ድስት ለቃዋለች። በሩ ላይ ቆማ የቬሊያን ግራ እጅ ታያለች።

ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ያንን እጅ አየሽው? ቼዚራ የቀኝ አውራ ጣቷን ቢላዋ ቆርጦት ነበር፤ በግራዋ ነበር የምትበላው። ጠርዙንም እንዲሁ ሁለቴ ነበር የምትመታው። ቬሊያ ግራዋን ተጠቅማ አታውቅም።» ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «በዚያ ዝናብ ሳህኑን የወሰደው የትኛው ድሃ ነው? ንገሪኝ፤ አይነ ስውሩ ነው? ሸምበቆ ሻጩ ነው? የትኛው ነው?»

ዓይኔን ከዓይኗ አሸሸሁ። ኤርሲሊያ ከፊቴ አነበበችው። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ምድጃው ላይ አስቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ታዘዝኳት» አለች። «ሞታ ደግሞ አልታዘዛትም።»

በጓሮ በር ወጣች፤ ደመወዟን ለመቀበል እንኳ አልተመለሰችም።

እኔ መሄድ እችል ነበር፤ ወተቷ ወርዷል፣ ውሉ ውል ነው። ኲሪኖ ግን ሥራ በዝቶበት «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እርጂኝ» አለኝ፤ እኔም ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ እምቢ ማለት አፈርኩ። ሥራው በእርግጥ በዝቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የሚያልፍ ሰው አንዲት ቀጭን ሴት ዓይኗን ከሳህኑ ሳትነቅል ስትበላ ያይና ይገባል። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ፒያኖ አስተማሪ ነኝ የምትል አንዲት ረጅም ሴት ወደ ቬሊያ በጣቷ እያመለከተች «የእሷን ዓይነት» አለች። ማግስቱን ከአምስት ጓደኞቿ ጋር መጣች። እነሱ እየበሉ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ከኋላ ቆሜ አያቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቬሊያ ከአልጋዋ ጠራችኝ። ድምፁ የእሷ ነበር፤ ስሱ፣ የሚፈራው።

«በሩን ዝጊው። ቶሎ ልንገርሽ፤ ቀትር ሲሆን አልችልም። ስራብ እኔ ነኝ፣ ሴቲሚያ። ስበላ ግን እሷ ትመጣለች። ወንበሬን ትወስድብኛለች፤ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ፤ አፉ ግን የእኔ አይደለም።»

«እሜቴ...»

«እሜቴ አትበይኝ። ቬሊያ በይኝ። እሱ እንኳ አሁን እማ ነው የሚለኝ። ልጅ ስለወለድኩ ይመስልሽ ነበር አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር።»

«ቬሊያ» አልኳት። እጄን ጭምቅ አደረገችው።

ያን ቀን አልበላም አለች። ቀትር አለፈ፤ ራሷ ነበረች። ኔሎን ታቅፋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳመች። መጥፎ ዘፈን ዘፈነችለት፤ ዜማ አትችልም ነበር፤ ሁለታችንም ሳቅን። በወለደች በወሩ ልጇን በእውነት ያየችው ያን ዕለት ነው። ወደ ማታ ጡቷ መንጠፍ ጀመረ፣ ልጁ ጮኸ፣ እሷም ከንፈሯ ገርጥቶ ተዝለፈለፈች። ኲሪኖ ትኩሱን ሳህን ይዞ ሮጦ መጣ፤ «ብይ የኔ ሕይወት፣ ብይ» እያለ አፏ ውስጥ አደረገላት። ሁለተኛውን ጉርሻ ስትውጥ ግራ እጇ ተነስቶ ሹካውን ከእጁ ተቀበለው።

በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሳህኑን እንደሰጠኋት፣ ድሃ ያልኩት ውሸት እንደሆነ፣ ኤርሲሊያ ያለችውን፣ ቬሊያ ያለችውን። ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሊጥ መዳመጡን አላቆመም።

«እናትሽ በሕይወት አለች?» አለኝ።

«ሞታለች።»

«እንግዲያው ይገባሻል። እናቴ አለች፤ ሚስቴ አልጋዋ ላይ አለች፤ ልጄ ጠግቧል። አንቺ ምን ጎደለብሽ?»

«የጎደለችው ሚስትዎ ናት፣ ሶር ኲሪኖ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰላም ነበር ያለበት።

«አልበላም ያለችው ማን ናት? ቬሊያ ናት። ልትሄድ የፈለገች እሷ ናት፤ ማንም አላባረራትም። እናቴ ደግሞ መቆየት ትፈልጋለች።» ዱቄት በሊጡ ላይ በተነ። «የታወቀኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። እናቱ ስትጠራው የማያውቅ ልጅ አለ እንዴ? አሁን ሂጂ፤ ድርሻሽን ጨርሰሻል።»

ያንኑ ሳምንት ከመንደሬ ቄስ ደብዳቤ መጣ። ጎረቤት አነበበልኝ። ሎሬታ ትኩሳት ይዟታል፣ ፍየሏ ነጥፋለች፣ መምጣት ከቻልሽ አሁን ነይ ይላል። ጓዜን ጠቀለልኩ። ወደ ባቡር የሚያደርሰኝ ባለጋሪ ቀትር ሳይሞላ መጣ።

ልሰናበታት ወጣሁ። ርቧት ነበር፤ ስለዚህ ራሷ ነበረች። ጓዜን አየችው።

«እስከ ገና ቆዪ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ስሜን ጥሪኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም። አንቺ ስትጠሪኝ ለትንሽ ጊዜ ወንበሩ ላይ እቆያለሁ። ማንም ካልጠራኝ ግን እንዴት እንደሚመለሱ እየጠፋኝ ነው።»

«ልጄ ታማብኛለች፣ ቬሊያ።»

ከታች የቅቤው ሽታ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ አፍንጫዋ ሲከፈት አየሁ፤ እሷም እንዳየሁ አየች፤ አፈረችም።

«ሂጂ» አለችኝ። «እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ሂጂ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት።»

ደረጃው ላይ ከኲሪኖ ጋር ተላለፍን። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዟል፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ባለጋሪው «አንቺ ሴትዮ፣ ባቡሩ እናትሽ ነው እንዴ የሚጠብቅሽ!» እያለ ይጮሃል። ጋሪው ላይ ስወጣ ከፎቁ ጢን ጢን የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሎሬታ ዳነች። ሦስት ቀን ከደረቴ አላወረድኳትም፤ ወተቴ ገና አልደረቀም ነበር፤ የተረፈውን ሁሉ ለእሷ ሰጠሁ። አንድ ቀን ብዘገይ ትሞትብኝ ነበር፤ ይህን አማቴም ቄሱም ነግረውኛል። ስለዚህ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን ምርጫው ቢቀርብልኝ ጋሪው ላይ እወጣለሁ። እየወጣሁም አለቅሳለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ጦርነቱ መጥቶ ሄደ። ሎሬታን ለዓይን ሐኪም ብዬ ሮማ ይዣት ወረድኩ፤ እግሬ ግን መጀመሪያ ያደረሰኝ ትራስቴቬሬ ነው። ስድስቱ ጠረጴዛ ሠላሳ ሆኗል። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ አብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነው። ኲሪኖ ወፍሮ፣ ነጭ ኮት ለብሶ፣ በየጠረጴዛው እየዞረ ፓስታውን በሰው ፊት ያሻል። እኔን አላወቀኝም፤ ወይም አላወቅሁም አለ።

እሷ በመስኮቱ አጠገብ ነበረች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን እንደ ሰባ ዓመት ሴት ደግፋ፣ በሰው ሁሉ ፊት ትበላለች። እንግዶቹ ይህን ለማየት ነው የሚመጡት፤ የዳነችዋ ሴት ይሏታል። ሳህኑ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ፤ ሌላ ሳህን ይመጣል።

ሎሬታን እጇን ይዤ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆምኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። ሌላ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ «ቬሊያ» አልኳት።

አፏ ማኘኩን አላቆመም። ግራ እጇ ፓስታውን በሹካው ጠቀለለ፣ ወደ አፏ አደረሰ፣ ተመለሰ። ነገር ግን ከሁለቱም ዓይኗ እንባ መውረድ ጀመረ። ፊቷ አልተኮማተረም፤ እንባው ብቻ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ገባ። እሷም ከፓስታው ጋር በላችው።

«ቬሊያ፣ እኔ ነኝ። ሴቲሚያ ነኝ።»

ጭኗ ላይ ተጋድሞ የነበረው ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። በጨርቁ ላይ፣ በአንድ ጣት እየተሳበ፣ እያረፈ፣ ወደ እኔ መጣ። ግራው ምንም እንዳልተፈጠረ ሹካውን ወደ አፏ ያደርሳል። የሌባ ጣቷ ጫፍ የትንሿ ጣቴን ጫፍ ነካችና ቆለፈችው። ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሞቃት፣ የሕያው ሰው ጣት ነበር። የቻለችውን ያህል ያዘችኝ፤ ጉልበቱ የሕፃን ያህል ነው።

«እማ» አለችኝ ሎሬታ ቀሚሴን እየጎተተች፣ «እንሂድ። እፈራለሁ።»

ሳህኑ አለቀ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ኲሪኖ ሌላ ሳህን ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

ጣቴን ከጣቷ አላቀቅሁና ልጄን ይዤ ወጣሁ።